ቡናው እስኪፈላ፦ 13 ደቂቃ የሚፈጅ ሜዲቴሽን ለጀማሪዎች

ጀበና ከሰል ላይ ተጥዶ እስኪፈላ፣ እንደ እሳቱ ጥንካሬ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኛ ቤት፣ ጅማ፣ ይህ ሰዓት የወሬ ነበር። ወይም የስልክ። አሁን ግን እኔ በዚያ ሰዓት በርጩማዬን ስቤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እከተላለሁ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ለምዳዋለች። አቦሉ ሲደርስ ትከሻዬን ነካ ታደርገኛለች።

አስተማሪ ነኝ። የፈተና ወረቀት በማርምበት ሰሞን አንገቴ እንደ እንጨት ይደርቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ሜዲቴሽን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን አልተሳካም። ጭንቅላቴን ባዶ ለማድረግ ስታገል ጭራሽ ደከመኝ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ሳላይ ስቀር ደግሞ ተውኩት። በሁለቱም ተሳስቼ ነበር። ጭንቅላት ባዶ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ለውጡም በሁለት ሳምንት ተጠናቆ አይመጣም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እናንተ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትተዉት ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። አንዳንዱ ተመስጦ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጥሞና። እኔ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሜዲቴሽን የሚለውን ቃል ይዣለሁ። ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። እዚህ የምጽፈው የትንፋሽና የትኩረት ልምምድ ብቻ ነው። ሶላትን ወይም ጸሎትን አይተካም። ጎረቤቴ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል፤ እናቴ ደግሞ ጸሎቷን ሳታደርስ እንዳልነካካት ታስጠነቅቀኛለች። ሁሉም በየቦታው ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ምረጡ

ጅማ ላይ ቡና ቀልድ አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሰዓቱ ይነጉዳል። ለሜዲቴሽን የሚሻለው ግን ከአቦል በፊት ያለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ካፌይን ነው። ሰውነታችን ሲደክም አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን እሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይይዝና መልእክቱን ያግደዋል። ለዚህ ነው ቡና የሚያነቃን። ሲበዛ ደግሞ ልብ ያፈጥናል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። እንዲህ ሆኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ለጀማሪ ከባድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ አለ ማለት ነው። እኔ ሌሊት የምነቃው ለምን እንደሆነ በከፊል የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው። የማታውን ቡና ሳትቀንሱ ሜዲቴሽን እንቅልፍ አላመጣልኝም አትበሉ።

ጫትም እንደዚያው ነው። ምርቃና ላይ ሆኜ ትኩረቴ ጥሩ ነው ያለኝ ወዳጅ አለኝ። አልዋሸም፣ እንደዚያ ይሰማዋል። ነገር ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እኛ የምንሄደው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የሚቅም ሰው ከመቃሙ በፊት ያለውን ጠዋት ይጠቀም።

ሆድ ሙሉ ሆኖ መቀመጥም አይመከርም፣ ያስተኛል። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሰዓት ቆጣሪ ካስፈለጋችሁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና ድምፁን ለስለስ ያለ ምረጡለት።

ደረጃ 2፦ አቀማመጥ

እግር አቆላልፎ ወለል ላይ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ፎቶ ላይ ሁሌ እንደዚያ ስለምናይ ነው ግዴታ የሚመስለን። ቤት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ ካለ ይበቃል። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሰውነትን ደህና አድርጎ ይይዛል።

አንድ ችግር ግን አለበት። ብዙዎቹ በርጩማዎች ዝቅ ያሉ ናቸው። ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ ይወጣል፣ ወገባችሁ ይጎብጣል፣ ሆዳችሁ ይታጠፋል። ሆድ ከታጠፈ ትንፋሽ ወደ ታች አይወርድም፤ ደረት ላይ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ በርጩማው ላይ አድርጉና ከፍ በሉ። ጉልበት ከዳሌ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ሲል ልክ ነው። ወንበርም ይሆናል።

ሁለቱም እግር መሬት ይርገጥ። እጅ ጭን ላይ ይረፍ። ጀርባ ቀጥ ይበል እንጂ አይገተር። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግድግዳ ተደገፉ። ዓይን መጨፈን የሚያስፈራው ሰው አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊቱ ያለውን መሬት ዝቅ ብሎ ይመልከት።

ደረጃ 3፦ መነሻውን ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያ ላይ አታገኙትም። እኔ ግን አጥብቄ እመክረዋለሁ። የአእምሮ ለውጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታይም። የሰውነት ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይታያል። ጀማሪ ደግሞ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

አመልካችና የመሐል ጣታችሁን በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ አሳርፉ። ትርታው ሲሰማችሁ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ቀጥሎ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍሱ ቁጠሩ። ከ12 እስከ 20 የተለመደ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ አስፍሩ። ከጎናቸው ውጥረታችሁን ከ10 ስንት እንደምትሰጡት ጻፉ። ስትጨርሱም ደግማችሁ ትለካላችሁ። አንዳንድ ቀን ቁጥሩ አይወርድም። ያም ይጻፍ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው 3 ደቂቃ፣ ረጅም የወጪ ትንፋሽ

መርካቶ አካባቢ መንገድ ስትሻገሩ አንድ ባጃጅ ድንገት ቢታጠፍባችሁ ምን እንደሚሆን አስቡ። ከኩላሊታችሁ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይህ እኛን ለማዳን የተሠራ ነው። ጣጣው፣ ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ነገው ስብሰባ ስታስቡም ሰውነት ተመሳሳይ ነገር ማድረጉ ነው። ባጃጁ ያልፋል። ኪራዩ ግን ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል። ጭንቀቱ ሲራዘም ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞንም አብሮ ይጨምራል።

ይህንን የሚያረግብ ሌላ መስመር ደግሞ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ቬገስ የሚባል ነርቭ ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ይወርዳል። ለልብ «ቀስ በል» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። አየር ስናስገባ ይህ ትእዛዝ ላላ ይልና ልብ ትንሽ ይፈጥናል። ስናስወጣ ይጠነክርና ልብ ይዘገያል። ጣታችሁን ትርታችሁ ላይ አድርጋችሁ በረጅሙ ብትተነፍሱ ብዙዎቻችሁ ልዩነቱን ትሰሙታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው በጣም ነው የገረመኝ። ልባችንን በቀጥታ ማዘዝ አንችልም፤ በትንፋሽ በኩል ግን መንገድ አለን።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። በአፍንጫ አየር እያስገባችሁ በልባችሁ እስከ 4 ቁጠሩ። ሆድ ይነፋ፣ ደረት ብዙ አይንቀሳቀስ። ከዚያ በአፍንጫ ወይም በጠበበ ከንፈር እያስወጣችሁ እስከ 6 ቁጠሩ። ትኩስ ቡና እፍ እንደምትሉት፣ ግን ለስለስ አድርጋችሁ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ለ3 ደቂቃ ወደ 18 ጊዜ ማለት ነው። 4 እና 6 ከከበዳችሁ 3 እና 5 አድርጉት። ዋናው የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ ነው።

አትታገሉ። አየር በኃይል እየሳባችሁ ከሆነ ራሳችሁን ያዞራችኋል፣ ጣታችሁ ይነዝራል። ያን ጊዜ አቁሙና ወደ ተለመደው አተነፋፈስ ተመለሱ።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2023 ባወጡት ጥናት ሰዎች በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ለአንድ ወር እንዲለማመዱ አድርገዋል። የተለያየ የትንፋሽ ዓይነትና ሜዲቴሽን ነበር የተነጻጸረው። ሁሉም ቡድን ጭንቀቱ ቀንሷል። ጥሩ ስሜት በመጨመር ረገድ ከፍተኛውን ለውጥ ያሳየው ግን የወጪ ትንፋሹን የሚያስረዝመው ቡድን ነበር። መመሪያዬን በዚህ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ቀጣዩ 8 ደቂቃ፣ መሄድና መመለስ

አሁን መቁጠሩን ተዉት። ትንፋሽ እንደፈለገው ይሂድ። እናንተ ብቻ ተከተሉት። አንድ ቦታ ምረጡ፤ አየሩ ሲገባ የሚቀዘቅዘውን የአፍንጫ ጫፍ ወይም ከፍ ዝቅ የሚለውን ሆድ። ትኩረታችሁ እዚያ ይቀመጥ።

አይቀመጥም። እርግጠኛ ሆኜ ነው የምነግራችሁ። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ሳትደርሱ ጭንቅላታችሁ ሐሙስ ገበያ ሄዶ የቲማቲም ዋጋ ሲጠይቅ ታገኙታላችሁ። ወይም ትላንት የተባባላችሁትን እየደገመ፣ ያልመለሳችሁትን መልስ አሁን እየመለሰ። አንጎላችን ሥራ ሲፈታ የሚነቃ የራሱ መረብ አለው፤ ያለፈውን ያነሳል፣ የሚመጣውን ያቅዳል፣ ስለ ራሱ ያወራል። የተበላሸ ነገር የለም። ሥራው ነው።

ታዲያ ልምምዱ የቱ ላይ ነው? «ውይ፣ ሄጄ ነበር» ብላችሁ የነቃችሁባት ቅጽበት ላይ። ያቺ ቅጽበት ሽንፈት ትመስላለች፤ ግን ጡንቻው የሚሠራው እሷ ላይ ነው። 8 ደቂቃ ውስጥ 40 ጊዜ ሄዳችሁ 40 ጊዜ ከተመለሳችሁ፣ 40 ጊዜ ሠርታችኋል። ሳልሄድ ቆየሁ ከሚል ሰው አትበልጡም፣ አታንሱምም። እኔ ይህን ባለማወቄ ነው የመጀመሪያ ጊዜ የተውኩት።

ስትመለሱ ራሳችሁን አትቆጡ። የሄዳችሁበትን በአንድ ቃል ጥሩት፦ «ዕቅድ»፣ «ትዝታ»፣ «ቁጣ»፣ «ስጋት»። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትንፋሽ ተመለሱ። ስም መስጠቱ ለእኔ ብዙ ጠቅሞኛል። ቁጣውን «ቁጣ» ስለው ከእኔ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ጠዋት በርጩማው ላይ የለመድኩትን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲረብሽ እደግመዋለሁ። ድምፄ ከመውጣቱ በፊት አንድ ትንፋሽ የሚያህል ክፍተት አገኛለሁ። ከሜዲቴሽን ያገኘሁት ትልቁ ነገር ያ ክፍተት ነው ብል አላጋነንኩም።

ትኩረታችሁ ጭራሽ እንቢ ካለ ትንፋሹን ከ1 እስከ 10 ቁጠሩ። ስትስቱ ከ1 ጀምሩ።

ድምፅ ይረብሸኛል የሚል አለ። ጅማ ውስጥ ፀጥታ ፍለጋ ከተቀመጣችሁ አትጀምሩም። አዛን አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፣ የባጃጅ ጥሩምባ አለ፣ የጎረቤት ዶሮ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ሰው ከሰው አይሰማማም። እንደዚያ ባለ ቀን ትንፋሹን ትቼ ዝናቡን እሰማለሁ። መጠኑን፣ የሚጠነክርበትንና የሚላላበትን፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበውን። ሐሳቤ ሲሄድ ወደ ዝናቡ እመለሳለሁ። ከትንፋሽ ይልቅ ቀላል ሆኖ ያገኙት ጀማሪዎች አሉ። ዝናብ በሌለበት ወር ጀበናው ሲንተከተክ መስማት ይቻላል።

ሲያሳክካችሁ ወዲያው አትከኩ። ሦስት ትንፋሽ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ያልፋል። ካላለፈ እከኩት፣ ምንም አይደለም። እግር ሲደነዝዝ አንቀሳቅሱት።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻው 2 ደቂቃ

ከግንባር እስከ እግር ሰውነታችሁን በትኩረት ዳሱት። ግንባር ተቋጥሯል? ጥርስ ከጥርስ ተነክሷል? ትከሻ ወደ ጆሮ ወጥቷል? ያገኛችሁትን በአንድ የወጪ ትንፋሽ ልቀቁት። መንጋጋና ትከሻ ላይ ቆዩ፤ የመምህርም የሹፌርም የጸሐፊም ውጥረት የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። ዘላችሁ አትነሱ። ትርታችሁን ቆጥራችሁ ጻፉ። ቡና ጠጡ።

ደረጃ 7፦ 8 ሳምንት

በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ 4ን ብቻ ለ5 ደቂቃ ሥሩ። በሁለተኛው ሳምንት 3 ደቂቃ ረጅም ትንፋሽና 5 ደቂቃ መሄድና መመለስ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉው 13 ደቂቃ።

13 የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2019 ያሳተሙት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 የሆነ፣ ሜዲቴሽን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ ለ13 ደቂቃ ሜዲቴሽን ሠሩ። ሌሎቹ ለተመሳሳይ ጊዜ ፖድካስት አዳመጡ። በ4ኛው ሳምንት ሲለኩ ልዩነት አልተገኘም። በ8ኛው ሳምንት ግን የሜዲቴሽኑ ቡድን መጥፎ ስሜቱ ቀንሶ፣ ትኩረቱና የማስታወስ ችሎታው ተሻሽሎ ተገኘ። ውጥረት በሚፈጥር ፈተና ላይም ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። እኔ በሁለተኛው ሳምንት መተዌን አስቡት። ሩቡን መንገድ ሄጄ ነው የተመለስኩት።

አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ 26 ደቂቃ አትቀመጡ። በቃ ቀጥሉ።

መጠንቀቅ የሚገባው

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 47 ጥናቶችንና ከ3,500 በላይ ተሳታፊዎችን አይቷል። ሜዲቴሽን ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል አግኝቷል። ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2017 ተመሳሳይ ነገር ብሏል፦ ለልብ ጤና ሊያግዝ ይችላል፣ ግን ከተለመደው ሕክምና ጋር እንጂ በሱ ቦታ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ትርታችሁ ስለወረደ ብቻ ክኒኑን እንዳታቆሙ። ለልጅ የምናገረውን ያህል ነው ረግጬ የምናገረው።

በእኛ አካባቢ ወባ አለ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ውጥረት ነው ተብሎ በትንፋሽ አይታለፍም። ተመርመሩ። የደረት ሕመምም እንደዚያው፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ትዝታው ሊጎርፍበት ይችላል። ያን ጊዜ ዓይንን መግለጥ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ነገሮችን አንድ በአንድ ማየት፣ ተነስቶ መራመድ ይሻላል። እየተራመዱ የእግርን አረጋገጥ መከታተልም ራሱ ሜዲቴሽን ነው። ስሜቱ እየደጋገመ ከመጣ፣ ድምፅ የመስማት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ልምምዱን አቁማችሁ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መሄድ አያሳፍርም።

ደረጃ 8፦ ደብተሩን ክፈቱ

8ኛው ሳምንት ሲያልቅ የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አስተያዩ። የትርታው ቁጥር ብዙ ላይለወጥ ይችላል። የእኔ ከ3 ወይም ከ4 ምት በላይ አልወረደም። የውጥረቱ ነጥብ ግን ከ7 እና 8 ወደ 4 እና 5 ወርዶ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አሁንም የምነቃባቸው ቀናት አሉ። ልዩነቱ፣ ረጅሙን ትንፋሽ ጀምሬ 20 ላይ ሳልደርስ ተመልሼ መተኛቴ ነው።

ከዚያ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ጠይቁ። «ከሁለት ወር በፊት ከነበርኩት የተለየ ነገር ታያለህ?» በሉት። ምን እየሠራችሁ እንደነበር አታስታውሱት። እኔ እናቴን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ስጠራህ ቶሎ አቤት ትላለህ» አለችኝ። እሱንም ደብተሩ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሥር፣ ጻፍኩት።